ትርፍ ቤት፦ አዲስ አበባና አነስተኛ አከራዮቿ

በ1967 ዓ.ም. ክረምት አንድ ተራ የአማርኛ ቃል አዲስ ትርጉም ተሰጠው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ «ትርፍ» ማለት ነጋዴ ከሸጠው ላይ የሚቀርለት፣ ከማዕድ የተረፈ፣ ከወጪ ያለፈ ነገር ነበር። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ግን አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት ሌላ ያለው ማናቸውም መኖሪያ ቤት ትርፍ ተባለ። የመስፍኑ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ትርፍ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከጠላ ሽያጭ ባጠራቀመችው ገንዘብ ያቆመቻትና በወር በጥቂት ብር የምታከራያት የጭቃ ቤትም ትርፍ ናት። አዋጁ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላደረገም።

የዚያ ዘመን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ባለ ርስቶቹ ናቸው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አፄ ምኒልክ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያለውን መሬት ለመሳፍንቱና ለጦር አለቆቹ አደሉ፤ ሰፈሮቹም ዛሬ ድረስ በስማቸው ይጠራሉ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ መሬትን በግል ይዞ መሸጥና ማውረስን ሲፈቅድ፣ ለአገልግሎት የተሰጠው ሰፈር ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት ሆነ። በ1950ዎቹ እያንዳንዳቸው ከ10,000 ሜትር ካሬ በላይ የያዙ ጥቂት ባለይዞታዎች ከከተማይቱ መሬት ከግማሽ የሚበልጠውን ይዘው ነበር። ብዙው ሕዝብ ደግሞ ወይ በተከራየው ቤት፣ ወይ በተከራየው መሬት ላይ ራሱ ባቆመው ጎጆ ይኖር ነበር።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣ ሦስተኛ ወገን ነበረ። ይህ ወገን በከተማው ዳርና በመርካቶ ዙሪያ አንድ መቶ፣ አንድ መቶ ሃምሳ ሜትር ካሬ ቦታ ገዝቶ ሁለት ሦስት ክፍል የሠራው ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር፣ የጠጅ ቤት ባለቤት፣ ዓመታት በሰው ቤት አገልግላ የራሷን ጣሪያ ያቆመች ሴት፣ ከገጠር የመጣ ሸማኔ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚህ ወገን ነበሩ። ባንክ ለእነርሱ አያበድርም፤ የጡረታ አበል ያላቸውም ጥቂቶች ነበሩ። ለእርጅና የሚሆን ዋስትና የሚገኘው ከዕድር፣ ከልጅና ከኪራይ ነበር። በተለይ ለብቻቸው ለሚኖሩ ሴቶች ቤት ማከራየት ከጉልበት ሥራ ነፃ የሚያወጣ ብቸኛው መንገድ ሆኖ ቆይቷል።

ከተማይቱም ቢሆን እነዚህን ሰዎች ታውቃቸው ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ለከተሞች ግብርና የአገልግሎት ክፍያ የማስከፈል ሥልጣን ሰጠ። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 ደግሞ የቤት ኪራይ ገቢን ለይቶ በሠንጠረዥ «ለ» ሥር አስቀመጠው። ይህች «ለ» የምትባል ፊደል ከዚያ በኋላ ሦስት ሥርዓተ መንግሥት አሳልፋለች፤ ዘውዱ ወድቆ፣ ደርግም ተሸኝቶ፣ የኪራይ ገቢ ዛሬም በዚያው ፊደል ሥር ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በበኩሉ ለቤት ኪራይ የተለየ ክፍል ሰጥቶ፣ ዋና ዋናው ዕድሳት በአከራዩ፣ ቀላሉ ጥገና በተከራዩ ላይ እንዲወድቅ ደነገገ። እንግዲህ በሕጉ አሳብ የቤቱን ደኅንነት የሚጠብቀው አከራዩ ነው፤ ለዚህም የሚያበቃው ኪራዩ ነው። ይህ አሳብ ለኋለኛው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ወደ 1967ቱ አዋጅ እንመለስ። መግቢያው የሚከሰው የከተማ ቦታና ቤት በእጃቸው አከማችተው እጥረት የፈጠሩትን መኳንንት፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናትና ከበርቴዎች ነው። ወደ አንቀጾቹ ሲገባ ግን መኳንንቱም ባልቴቷም በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ሜትር ካሬ ቦታና አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ተወረሰ፤ ከቦታም ሆነ ከመኖሪያ ቤት የኪራይ ገቢ ማግኘት ለግለሰብ ተከለከለ። ለመሬቱ ካሣ አልታሰበም፤ ለትርፍ ቤቱ ካሣ እንደሚከፈል ቢገባም ለአብዛኛው ባለቤት ተስፋው በወረቀት ቀረ። ከኪራይ በቀር ሌላ መተዳደሪያ ለሌለው ወርሃዊ ድጎማ እንዲሰጥ በአዋጁ ተጽፏል። ይህ ድንጋጌ ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል፦ አርቃቂዎቹ በአዋጁ የሚመቱት ሁሉ ከበርቴ እንዳልሆኑ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል በዚያው በምሥራቅ አፍሪካ ከአራት ዓመት በፊት የተደረገውን መመልከት ይበቃል። ታንዛንያ በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1971) የሚከራዩ ሕንፃዎችን ስትወርስ ወለል አበጀች፤ ዋጋቸው ከ100,000 ሺሊንግ በላይ የሆኑት ብቻ በአዋጁ ተነኩ። ያ ሕግ በበኩሉ ከፍተኛ በደል ነበረበት፤ አብዛኛው የተወረሰው ንብረት የእስያ ተወላጆች ነበርና አገር ጥለው የወጡም ብዙዎች ናቸው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ለቆየ ሕንፃም ካሣ አልነበረውም። ሆኖም በካሪያኩ ሰፈር ክፍል በክፍል የሚያከራየው ተራ የስዋሂሊ ቤት ባለቤት ቤቱን ይዞ ቀረ። በአዲስ አበባ ወለል ስላልነበረ የጉለሌዋ ሴት ከመስፍኑ ጋር በአንድ መዝገብ ሰፈረች።

የተከራዩ ደስታ እውነተኛ እንደነበር መካድ አይቻልም። ኪራዩ በወር እስከ 300 ብር ለሆነ ቤት እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት፤ ድሃው ይበልጥ ተቀነሰለት። ለዘመናት «ዛሬ ልቀቅ» ሲባል የኖረ ሰው የሚያስወጣው አጣ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የቀበሌው ኮሚቴ ቤቱን ቆጠረ፣ ቁጥር ለጠፈ፣ ኪራይ ሰበሰበ፣ ጠብ ቢነሣ በፍርድ ሸንጎው ዳኘ።

ችግሩ ግን ወዲያው ባይታይም በዚያው ቀን ተጸንሷል። ቀበሌው አከራይ ሲሆን የአከራይን ግዴታ ወረሰ፤ ገቢው ግን እስከ ግማሽ ተቀንሶ መጣለት። ከዚያችው ገቢ ላይ የቀበሌውን ሠራተኛ ደመወዝ፣ የሰፈሩን መንገድና የጋራ መጸዳጃ፣ የሕዝብ ሱቁንና መዋለ ሕፃናቱን ጭምር ማስተዳደር ይጠበቅበት ነበር። ኪራዩም አንዴ ከተወሰነ በኋላ ለአሥርት ዓመታት እዚያው ቆመ፤ በወር ከ10 ብር በታች የሚከፈልባቸው ቤቶች በ1990ዎቹም እጅግ ብዙ ነበሩ። በዚያ ጊዜ የአንድ ቤት የዓመት ኪራይ ለጣሪያው ጥቂት ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም።

የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ ጥገናን የሚጠይቅ ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት እንዳሳየው ከአምስት ቤቶች አራቱ ግድግዳቸው ከእንጨትና ጭቃ ነው። የጭቃ ቤት በየክረምቱ ይታመማል፤ ምርጊቱ ይረግፋል፣ የማገሩ እግር ይበሰብሳል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። ባለቤት ያለው ቤት ከመስከረም በፊት ይለሰናል፣ ይታደሳል። የቀበሌው ቤት ግን ለጥገና ተራ ይጠብቃል፤ ተራውም አይደርስም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ ቢያገኝ ያወጣው ወጪ ባለመብት አያደርገውም። ስለዚህ ቤቱ የሁሉም ሆኖ የማንም ሳይሆን ቀረ። ከከተማይቱ ቤቶች ከሦስቱ አንዱ በሚበልጠው ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ በተክለ ሃይማኖት፣ በጎላ ሠፈር፣ በአራት ኪሎ ጀርባና በፒያሳ የከተማው መሐል እንዲያ ጎብጦ የታየው ከድህነት ብቻ የተነሣ አይደለም። የሚቆጣጠረው አካልና ጥፋተኛው አከራይ አንድ በሆኑበት ቦታ ማን ማንን ይከሳል?

በዚህ መሐል አነስተኛው አከራይ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስሙን ለወጠ። ቤት ማከራየት የተከለከለባቸው ዓመታት «ዘመድ» የበዛባቸው ዓመታት ነበሩ። ከገጠር የመጣ ተማሪ፣ ሥራ ያገኘች ወጣት፣ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ከሰው ቤት አንዲት ክፍል ይዘው ሲገኙ ለጠያቂ የሚሰጠው መልስ ዝምድና ነበር። መንግሥትም ይህን እያወቀ ኖሮ በ1979 ዓ.ም. የከተማ ቤቶችን አሠራርና አጠቃቀም በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 292 ደባልነትን በሕግ አወቀው። «ደባል» የሚለው ቃል ለአዲስ አበቤ እስከ ዛሬ ሳቅና ትዝታ ያመጣል፤ በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቧንቧና በአንድ በር የሚኖሩ ሁለት አባወራዎች ማለት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ ማከራየት ነፃ ሥራ ሆነ። የተወረሰው ግን አልተመለሰም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ንብረት የሚመለሰው አዋጅን በመጣስ ለተወሰደበት ሰው ነበር። በአዋጁ መሠረት የተወረሰ ሁሉ በሕግ ተወርሷልና በሩ ተዘጋበት። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ፤ ሰነዷ የተስተካከለ፣ በወጉ ተመዝግባ ያስረከበች ሴት ምንም አቤቱታ የላትም፤ ካድሬ በጉልበት የነጠቃት ግን ተስፋ ነበራት።

መሬቱ በሊዝ ሥርዓት መንግሥት እጅ ሲቆይ፣ አዲሱ የአከራይ ትውልድ ከሁለት ቦታ በቀለ። አንደኛው ከግቢ ውስጥ ነው፦ ከዋናው ቤት ጀርባ «ሰርቪስ»፣ ከአጥሩ ጥግ ሱቅ፣ ወደ ጎን በብሎኬት የተቀጠለ ክፍል። ሁለተኛው የመንግሥት የራሱ ሥራ ውጤት ነው። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም፣ በሕዝቡ አፍ «ኮንዶሚኒየም»፣ በዕጣ ቤት ያገኘውን ድሃ የባንክ ባለዕዳ አደረገው። ወርሃዊ ክፍያው ከደመወዙ የበለጠበት ባለዕጣ ቤቱን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ሌላ ቦታ ተከራየ። ኪራዩን ተቀብሎ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያስገባል፤ በቀረው የራሱን ኪራይ ይከፍላል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አከራይም ተከራይም ይሆናል። የ1967ቱ አዋጅ እንዲህ ያለውን ሰው በየትኛው ወገን ያሰልፈው እንደነበር ማሰብ ያስቸግራል።

ግብሩም አብሮ መጣ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 በሠንጠረዥ «ለ» ከዓመት ገቢ 1,800 ብሩን ከግብር ነፃ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከ10 እስከ 35 በመቶ አስከፈለ፤ የሂሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ለዕድሳትና ለእርጅና ማካካሻ ከገቢው አንድ አምስተኛውን ቀነሰለት። ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ሦስት ክፍል እያንዳንዱን በ200 ብር የምታከራይ ሴት በዓመት 7,200 ብር ታገኛለች፤ አንድ አምስተኛው ተነሥቶ ግብሯ 396 ብር ይሆናል። ይህ የሚቻል ሸክም ነው። ዓመታት አልፈው፣ የብር አቅም ወድቆ፣ እነዚያው ሦስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ሲያወጡ የዓመት ገቢዋ 72,000 ብር ይደርሳል። በዚያው አዋጅ ሲሰላ ግብሯ 12,330 ብር ነው። ቤቷ አልሰፋም፣ ክፍሏ አልበዛም፤ ነገር ግን ከመቶ ከአምስት ብር ተኩል ወደ 17 ብር ከፍ አለባት። የግብሩ ደረጃዎች ባሉበት ሲቆሙ የገንዘቡ መርከስ ትንሿን አከራይ ወደ ሀብታሞች እርከን ገፍቶ አስገባት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ይህን አርሞ ነፃውን ወለል ወደ 7,200 ብር፣ መዝገብ ለማይዙ የሚቀነሰውን ወደ ግማሽ ከፍ ሲያደርገው፣ የዚያችው ሴት ግብር ወደ 3,690 ብር ወረደ። ኬንያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2016 ለመለስተኛ አከራዮች ከጠቅላላ ኪራይ ላይ አንድ ወጥ 10 በመቶ አስከፍላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 7.5 በመቶ አወረደችው፤ ዓላማው መዝገብ የማይዘውን ሰው ከሂሳብ ጣጣ ማውጣት ነበር።

ሕጉ ከተሻሻለ በኋላም የአከራዩ ሥጋት አልቀነሰም፤ ምክንያቱ ከመጣኔው ይልቅ ግምቱ ነበር። ውል ከሌለ ወይም የተጻፈው ውል ካልታመነ የወረዳው ገማች በሰፈሩ ዋጋ ይተምናል። ደረሰኝ የማያውቀው የኪራይ ገበያ ለዚህ ምክንያት ሰጠ፤ አከራይ ዝቅ አድርጎ ይናገራል፣ ገማች ከፍ አድርጎ ይጽፋል፣ ተከራይም እውነቱን ተናግሮ ከቤት እንዳይወጣ ዝም ይላል። የ1994ቱ አዋጅ ቤት ሲከራይ ለቀበሌ እንዲገለጽ፣ ቀበሌም ለግብር መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ሲያዝ፣ ሁለት የነበሩት ዓይኖች አንድ ሆኑ። ቤቱን ሊያይ የመጣ ሹም ግብሩንም ያያል። ከዚያ ወዲህ በአከራይ አእምሮ ውስጥ ጣሪያው የፈሰሰበትን ቤት አደጋ ሊመረምር የሚመጣ ባለሙያና ገቢ ሊያጣራ የሚመጣ ሠራተኛ ተለይተው አልታዩም። ለዕድሳት ፈቃድ የጠየቀ ሰው ለግምት ተጋለጠ። ስለዚህ ብዙው በሌሊት፣ በእሑድ ወይም በበዓል ቀን አደሰ፤ የባሰውም ምንም ሳያድስ አከራየ።

የከተማ ቤት ግብሩ ነገር ደግሞ ከዚህ የሚለይ ነው። በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተወስኖ በ1971 ዓ.ም. የተሻሻለው ይህ ግብር ከቤቱ የዓመት ኪራይ ግምት ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ የሚታሰብ ነበር። በአሳቡ የከተማን አገልግሎት የሚደግፍ፣ እንደ ቤቱ መጠን የሚከፈል ትክክለኛ ግብር ነው። ነገር ግን ግምቱ ሳይታደስ ለአሥርት ዓመታት ስለቆየ፣ ባለ ቪላው የሚከፍለው ከአንድ የምሳ ግብዣ ወጪ ያነሰ ሆነ፤ ከተማይቱም ለቤት ቁጥጥርና ለሰፈር አገልግሎት ልታውለው የሚገባውን ገቢ አጣች። ሀብታሙን የማይነካው የንብረት ግብር ባለበት ሲተኛ፣ ድሃዋን የሚነካው የኪራይ ገቢ ግብር ግን በየዓመቱ ነቅቶ ይመጣ ነበር። አስተዳደሩ በ2015 ዓ.ም. «የጣሪያና ግድግዳ» የሚባለውን ግምት ሲከልስ የተነሣው ጩኸትም ከዚህ ረጅም እንቅልፍ የመጣ ነው፤ ለአርባ ዓመት ያልተጠየቀ ሂሳብ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ጡረተኛውም ባለ ሕንፃውም እኩል ይደነግጣሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለከተሞች አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ።

በመካከሉ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ ምክር ቤቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አውጥቷል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከሚያወጣው ጣሪያ እንዳያልፍ ደነገገ። በየስድስት ወሩ «ጨምር ወይም ውጣ» ሲባል ለኖረው ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የሕጉ ዋነኛ ትኩረት ዋጋው ነው፤ ግድግዳውን የሚያየው ሰው አሁንም ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ በጀት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም ዐቢይ ትኩረቱ በሚሠራው ሕንፃ ላይ ነበር፤ ተሠርቶ ለአርባ ዓመት የተኖረባት የጭቃ ክፍል ከዚያ ዓይን ውጭ ቀረች።

የከተማይቱ ትልቁ አከራይ ይህን ሁሉ ጊዜ ማን እንደነበር መርሳት አይገባም። በ2009 ዓ.ም. የመንግሥት ቤቶች ኤጀንሲን የተካው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በ2011 ዓ.ም. የንግድ ቤቶቹን ኪራይ በብዙ እጥፍ ሲያሳድግ፣ ያቀረበው ምክንያት ለዘመናት የቆየው ዋጋ ቤቶቹን ለማስተዳደርና ለመጠገን አልበቃም የሚል ነበር። ባለ ሁለት ክፍሏ አከራይ ይህንኑ ምክንያት ለተከራይዋ ከሰጠች ግን ስሟ ስግብግብ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳና የአካባቢው አሮጌ ቀበሌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። ተከራዮቹ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወሩ። ከፍርስራሹ ጋር በ1967 ዓ.ም. በቀበሌ ኮሚቴ እጅ የተለጠፉት የቤት ቁጥሮችም ሄዱ። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ከቁጥሩ በፊት ባለቤት ነበራቸው፤ የባለቤቶቹ ልጆችና የልጅ ልጆች አሮጌውን ካርታና የማዘጋጃ ቤቱን የግብር ደረሰኝ በሣጥን አስቀምጠው የቆዩ ናቸው። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ግብር በወቅቱ ተከፍሏል። የካሣው ሂሳብ ግን እስካሁን አልተዘጋም።